ስም የሌለበት ሜዳይ ሐሰተኛ አይደለም

«የተሸላሚው ስም ያልተቀረጸበት የጀግንነት ሜዳይ ሁሉ ሐሰተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አነበብኩ። ስህተት ነው፤ ሰውም ይጎዳል። ፀዳን ጨምሮ የጎንደር ዙሪያ የአርበኞች አገር ነው። ጎንደር የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። የአርበኛ አያቱን ሜዳይ በሳጥን ያስቀመጠ የልጅ ልጅ በዚህ ሚዛን የአጭበርባሪ ዘር ሊባል ነው!

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጡ ሜዳዮች በአብዛኛው ስም የላቸውም። እንግሊዞችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዘመተው ጦራቸው የሰጧቸው የዘመቻ ኮከቦች ስም አልተጻፈባቸውም። ታዲያ እነዚያም ሐሰተኛ ናቸው?

ጸሐፊው የአሠራር ልዩነትንም እንደ ማስረጃ ያነሳል። የኛ ሜዳዮች ለንደን በማፒን ኤንድ ዌብ፣ አዲስ አበባም በአርመናዊው ሴቫጂያን ቤት ተሠርተዋል። በሁለት ቤት የተሠራ ነገር መለያየቱ ምን ይገርማል? ጥብጣብም ያልቃል፣ ይቀየራል።

መመርመር ያለበት ብረቱ ነው። በማተሚያ የተመታ ሜዳይ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ከእውነተኛው ተቀድቶ ቀልጦ የፈሰሰው ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ገጹ ነቁጥ ነቁጥ ይላል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተርም ስፋቱ በጥቂቱ ያንሳል። የተሸላሚውን ማንነት የሚናገሩት ደግሞ የሽልማት ወረቀቱና ፎቶግራፉ ናቸው።

እባካችሁ ሜዳዩን በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ወረቀቱንም ከሜዳዩ አትለዩት። ጸሐፊውም ፍርዱን በይፋ ያንሳ።