ስለ አውቶሞቢል ማኅደረ ትውስታ ሙያና ስለ ባለሙያው ታማኝነት

ጥበብ በየዘመኑ መልኳን ትለውጣለች እንጂ ከሠራተኛው የምትሻው ትጋትና ታማኝነት አይለወጥም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፤ መካኒኩ ሙያውን የተማረው በመፍቻና በመዶሻ፤ በዓይንና በጆሮ ነበር። ዛሬ ግን የሞተሩን ነዳጅ የሚመጥነው፤ ቁልፉን የሚለየው፤ የተሄደውንም ኪሎ ሜትር የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ስለ ሆነ፤ መካኒኩ ብረት ከማወቁ በላይ በሣጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ማንበብ ግድ ሆኖበታል።

በዚህ ሣጥን ውስጥ ማኅደረ ትውስታ የሚባል ስምንት እግር ያለው ትንሽ ቺፕ ይገኛል። ከነዚህ ቺፖች አንዳንዱ የሚይዘው 256 ባይት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከፊደል ገበታ 231 ፊደላት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ባትሪው ቢፈታም የተጻፈበት አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ጥቂት ጽሑፍ ቢበላሽ ብርቱው መኪና ቁልፉን እንደማያውቅ ሆኖ ይቆማል።

ይህም ነገር ለሰቆታና ለዋግ ኽምራ ደጋ ሕዝብ የሩቅ ነገር አይደለም። ሰቆታ ካዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ናት። በሽተኛ የጫነ አምቡላንስ ወይም እህል የጫነ ካሚዮን በዚያ ዳገት ላይ በአንድ ቺፕ ምክንያት ቢቆም፤ ሣጥኑን ወደ ሩቅ ከተማ ልኮ እስኪመለስ መጠበቅ ለሕዝቡ ከባድ ጉዳት ነው። ሙያውን የሚያውቅ አንድ ወጣት በሥፍራው ቢገኝ ግን፤ ከተጎዳው ሣጥን ጽሑፉን አንብቦ ወደ ደኅናው ሊያሸጋግረው ይችላል።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይሻል። አስቀድሞ ሣጥኑ ከባትሪ ይለያል፤ በነጥብ የተመለከተው የቺፑ የመጀመሪያ እግር ይታወቃል፤ ማንበቢያውም ለቺፑ በተወሰነው ቮልት ልክ ይደረጋል። ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተነቦ ይመሳከራል፤ የፊተኛውም ቅጅ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ብቻ ይጻፋል፤ የተጻፈውም እንደገና ተነቦ ይረጋገጣል። በሰቆታ አጠገብ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከዐለት የፈለፈሉት አባቶች፤ አንድ ጊዜ የተጠረበ ድንጋይ ወደ ሥፍራው እንደማይመለስ ያውቁ ነበር። ቅጅ ሳይዝ በቺፑ ላይ የሚጽፍም እንደዚሁ ሳይለካ የሚጠርብ ሰው ነው።

ከጥንቃቄው ይልቅ የሚያሳስበው ታማኝነቱ ነው። በዚሁ ጥበብ 300000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና 90000 ብቻ እንደ ሄደ አስመስሎ መሸጥ ይቻላል። በግጭት ጊዜ የተነፋውን የአየር ከረጢት ሳይተኩ፤ የግጭቱን መዝገብ ብቻ ፍቆ መኪናውን ደኅና ማስመሰልም ይቻላል። ለሌባ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብም እንዲሁ ነው። የፊተኛው ሐሰተኛ ሚዛን ነው፤ ሁለተኛው የሰው ነፍስ የሚያስጠፋ ነው፤ ሦስተኛው ከሌባ ጋር መተባበር ነው።

ይሁን እንጂ ክፉዎች ያበላሹታል ተብሎ ሙያው ሊተው አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ሄደዋል፤ እነዚህም ያለ ማኅደረ ትውስታ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ስለዚህ የሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን ትምህርት ከነሥነ ምግባሩ ለወጣቱ ሊያስተምሩ ይገባል። ባለሙያውም ያነበበውንና የለወጠውን በወረቀት ጽፎ፤ ፈርሞ ለባለ መኪናው ይስጥ፤ ገዢም ያለዚህ ወረቀት አይግዛ።

የዋግ ወጣት ይህን ጥበብ በንጹሕ እጅ ቢይዘው፤ መንገደኛው በበረሃ አይቀርም፤ ገዢውም አይታለልም። ሙያ የሚከበረው በባለሙያው እውነተኛነት ነውና።