ዓይን ሽቦ አይለካም

ከተበላሸ ራዲዮና ከአሮጌ የመብራት መሥመር የምናወጣውን ሽቦ «ይህ ወፍራም ነው፤ ይበቃል» እያልን በግምት መጠቀማችን ሊቀር ይገባል። እኔም በግምት በሠራሁት የባትሪ መሙያ ሽቦው ግሎ ሽፋኑ ቀልጦብኛል። የሽቦ ውፍረት በግማሽ ሲያንስ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ስፋት ሩብ ብቻ ይሆናልና፤ መሰናክሉም አራት እጥፍ ይበዛል።

መለኪያ መሣሪያ የለንም ማለት አያዋጣም። ሽፋኑን ልጠን ሽቦውን በእርሳስ ላይ 20 ዙር አጠጋግተን እንጠምጥመው፤ የጥምጥሙንም ርዝመት በማስመሪያ ለክተን ለ20 እናካፍለው። 16 ሚሊሜትር ቢሆን ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ በቤተ ሙከራችን ሣጥን የሚቀመጥ ሽቦ ሁሉ ልኩ ተጽፎበት ይቀመጥ። የወደቀን ማንሣት ቁጠባ ነው፤ ሳይለኩ መሥራት ግን ያንኑ ቁጠባ መልሶ ማቃጠል ነው።