እጮኛዬ «ሽጠው!» ትላለች፣ ሞተሩ ደግሞ «አልነሳም» ይላል

የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ለዛሬ ቅድሚያ የሰጠነው ከአዳማ ለጻፈልን ወጣት ነው። የሱም ጥያቄ ቢሆን ከፍቅር ብዙ አይርቅም። ልጁ ከእጮኛው ጋር የጣሉት እቁብ ሲወጣላቸው፣ ሳያማክራት፣ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዛበት። የሞባይል ከቨርና ቻርጀር ጭኖ ለአሰላና ለመተሐራ ሱቆች ያከፋፍልበታል። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ዋና ዋናውን እነሆ፦

«ጠዋት በቾክ ይነሳል፤ ቾኩን ስመልሰው ጭጭ ይላል። ወደ አሰላ ስወጣ ጭሱ በዛ፣ ጉልበቱም ከዳው። እዚያ ያገኘሁት መካኒክ ‹ቤንዚን በዝቶበታል› ብሎ ጂግለሩን በአነስተኛ ቀየረልኝ፤ እውነትም ተሻለው። ባለፈው ቅዳሜ መተሐራ ስወርድ ግን እንደ ምጣድ ጋለ። ነዳጁን ስለቅለት እንኳን ድምፁ ቶሎ አይወርድም፣ እየጮኸ ይቆያል። አዳማ አንድ ጋራዥ ስወስደው ‹ካርቡራተሩ ሞቷል፣ ሌላ ግዛ› አሉኝ። እጮኛዬ ደግሞ ‹ሽጠውና የኔን ድርሻ አምጣ› ካለችኝ ሁለት ሳምንቷ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ያችን አነስተኛ ጂግለር ሳታስወጣ ወደ መተሐራ እንዳትወርድ! ሥራው ይቅር፣ ሱቆቹም ይጠብቁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ያንተ ሞተር ቱ ስትሮክ ነው። በቱ ስትሮክ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑና ከአየሩ ጋር አብሮ እየገባ የሚቃጠል ነው። ቤንዚኑ ራሱም ሲገባ ውስጡን ያቀዘቅዛል። እንግዲህ ቤንዚን ሲያንስና አየር ሲበዛ ሞተሩ መጀመሪያ ላይ ፈጣን የሆነ ይመስላል፤ ሰውም «ተስተካከለ!» ብሎ ይደሰታል። ከዚያ ይግላል። ሲግል ፒስተኑ ይለጠጥና ሲሊንደሩን ይነክሳል። በ80 እየበረርክ ቢነክስ የኋላ ጎማህ በአንዴ ይቆለፋል፤ ከኋላህ ደግሞ የጅቡቲው ከባድ መኪና አለ። ድምፁ ድንገት ሲታፈን ከተሰማህ ሌላ ሳታስብ ፍሪሲዮኑን ጨብጥ፣ ዳር ያዝ።

የአሰላው መካኒክ ግን አልዋሸህም። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትበልጣለች፤ አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ መተሐራ ግን 1,000 ሜትር አትሞላም። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር አየሩ ወደ 10 ከመቶ ይሳሳል። የድሮ ካርቡራተር ደግሞ ይህን የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለውም፤ ዴራንና ኢተያን አልፎ አሰላ ሲደርስም ያንኑ ቤንዚን ይለካል። አየሩ ስላነሰ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ይጨሳል፣ ይደክማል። ለአሰላ የተለካው ጂግለር ወለንጪቲን አልፎ ሜዳው ላይ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ጂግለሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እይ (ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ያንሳል)፤ የድሮውን መልሰህ ግጠምና አሰላ ላይ ትንሽ ይጭስ፣ ተወው። ጭስ ካንዴላ ያስቀይርሃል፤ የቤንዚን ማነስ ግን ፒስተን ያስቀይርሃል። ዋጋቸውን አንተው አወዳድር።

«ነዳጁን ስለቅለት ድምፁ አይወርድም» ያልከው ደግሞ ካርቡራተሩን ከሲሊንደሩ ጋር የሚያያይዘውን ጎማ ያስጠረጥረኛል። በዚያ ሙቀት ዓመታት የቆየ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ ደህና መስሎ በእጅ ሲያጥፉት ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። በዚያ ሾልኮ የሚገባ አየር በካርቡራተሩ አልተለካም። ጎማውን ፈትተህ እያጠፍክ እየው። ማያያዣ ክሊፑም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ጎማው ደህና ሆኖ ጩኸቱ ካልቀረ ጥርጣሬው ወደ ክራንክ ሻፍቱ ዘይት ከልካይ ጎማዎች ይሄዳል፤ እሱን በቤትህ አትነካካው፣ ለሚያውቅ ስጥ።

ወደ ቾኩ እንምጣ። በቾክ ተነስቶ ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ትንሿ ጂግለር ተደፍናበታለች፤ ያቺ ሚኒሞውን የምትይዘው። ቀዳዳዋ ከመርፌ ጫፍ ትቀጥናለች። ምን ይደፍናታል አትበለኝ! ማደያ ሰልፍ ሲሰለቸን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛው ቤንዚን አንዱ ነው። ውኃ አለበት ወይ ካልክ፣ ጠርሙሱን ሌሊቱን አሳድረው፤ ውኃው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ጋዝ ተቀላቅሎበት እንደሆን ለማወቅ ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ትቶ ይቀራል። ሁለተኛው የአዳማ አቧራ ነው። በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩትን 136 የነፋስ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ያ ነፋስ ላንተም አቧራውን ሳይሰስት ያድልሃል። ስፖንጅ የሆነውን የአየር ማጣሪያ በሳሙና ውኃ እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ዘይት ነክረህ ጭመቀውና መልስ። «ድምፁ ይመር» ብለው ማጣሪያውን አውጥተው የሚነዱ ልጆች አሉ፤ እነሱ አቧራውንም የቤንዚን ማነሱንም በአንድ ላይ እየገዙ ነው።

አሁን ማጽዳቱ። ሁለት ሰዓት ስጠው፣ አትቸኩል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋ። ቡና ከሚፈላበት በረንዳ ራቅ በል፤ የቤንዚን ጭስ አይታይም፣ ከሰል ግን አይምረውም። ጎኑ ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ከመንቀልህ በፊት ወደ ውስጥ ቀስ ብለህ እስክትቆም አጥብቃትና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠር፤ አንድ ተኩል ዙር አካባቢ ልታገኝ ትችላለህ። በኋላ የምትመልሳት በዚያው ቁጥር ነው። ከሥር ያለችውን ኩባያ ስትከፍት ውስጧ ያለውን እይ፤ ዝገት ካገኘህ ታንኩም መታጠብ አለበት ማለት ነው። ያለዚያ በሳምንቱ ተመልሰህ እዚያው ነህ። ጂግለሮቹ የናስ ናቸው፣ ናስ ደግሞ ለስላሳ ነው። በሽቦ እንዳትጎረጉራቸው! ቀዳዳው በፀጉር ያህል ከሰፋ ቁጥሩ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ባቱ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ የሚይዙት ቀጭን የናይለን ክር ይበቃል። ከዚያ ንጹሕ ቤንዚን፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሄደህ የጎማ መንፊያውን አየር በየቀዳዳው ንፋበት፤ ዓይንህን ግን ጠብቅ። ተንሳፋፊውንና ጎማዎቹን ቀድመህ አውጣቸው። ብርሃን ላይ አንስተህ በጂግለሩ ስታይ ክብ ብርሃን ካልታየህ አልጸዳም።

ከገጠምክ በኋላ ሞተሩ ራሱ ይነግርሃል። ገና ሲነሳ ከጠፋ ትንሿ ጂግለር፤ መካከል ላይ ከተንተባተበ መርፌው፤ በሙሉ ነዳጅ እየሄደ ቤንዚን እንዳለቀበት ከደከመ ትልቁ ጂግለር ወይም የቤንዚኑ መንገድ። ቆሞ እያለ በቱቦው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ተንሳፋፊው ሥር ያለችው መዝጊያ አልገጠመችም። አንድ የሚያስቅ ደግሞ አለ፤ የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ስትደፈን ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይቆማል፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ይነሳል። በዚህች ቀዳዳ የተነሳ ስንት ካርቡራተር በከንቱ ተቀይሯል! ማርሚታውም በጥላሸት ሲታፈን ሞተሩ ልክ ካርቡራተር እንደታመመበት ይሆናል። አራት ጎማውን አሮጌ ያማሃ ብላስተር ወይም የድሮ ቱ ስትሮክ ባጃጅ የያዛችሁም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው።

ዘይቱን ደግሞ አደራ። የዲቲ ዘይት በራሱ ፓምፕ የሚገባ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ግን ፓምፑን ነቅለው ከቤንዚን ጋር ይደባልቃሉ። ያንተም ተነቅሎ ከሆነ በዓይን ግምት አትጨምር። ለ5 ሊትር ቤንዚን በ1 ለ40 ሂሳብ 125 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። በሲሪንጅ ለካው።

የእጮኛህ ነገር ቀረ። እሷ ሞተሩን የጠላችው አይመስለኝም፤ የጠላችው ሳትጠየቅ መቅረቷን ነው። በገንዘቧ የተገዛ ነገር ሲበላሽ ከሌላ ሰው መስማትም ደስ አይልም። ይቅርታውን ጠይቅና አንድ ደብተር አብራችሁ ክፈቱ፤ በአንድ ወር የገባው፣ ለቤንዚን፣ ለዘይትና ለካንዴላ የወጣው ይጻፍ። ደብተሩን እሷ ትያዘው። ወሩ ከመጀመሩ በፊት ግን የሞተሩን እስትንፋስ ፈትሽ። ማብሪያውን አጥፋ፣ ካንዴላውን ንቀልና ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ዝጋ፤ ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህ። አየሩ ጣትህን በኃይል ገፍቶ ካላስነሳው ፒስተኑና ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ያን ጊዜ የሷ «ሽጠው» ትክክል ነው። ስትሸጠው ግን በቾክ አስነስተህ «እንደ አዲስ ነው» እያልክ ለሌላ የእቁብ ልጅ እንዳታስታቅፈው። ጉድለቱን ነግረህ፣ ዋጋውን ቀንሰህ ሽጥ።

ደህና ከገፋው ደግሞ ያጸዳኸውን ካርቡራተርና የድሮውን ጂግለር ገጥመህ፣ አዳማ ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ ካንዴላውን ንቀል። ቡናማ ከሆነ ለሱቆችህ ደውልላቸው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ አያጣድፍም። ነጭ ከሆነ ግን የመተሐራው ዕቃ ቅዳሜም በሚኒባስ ይሂድ፤ የጎማውን ነገር እንደገና እየው፣ ያየኸውንም ቀለም ጻፍልን።