የመሬት አደራ

ሰው ገንዘቡን ለጎረቤቱ በአደራ ሲሰጥ፣ ያ ገንዘብ ሳይጎድል እንዲቆይለት ይጠብቃል። የተቀበለውንም አደራ ለራሱ ጉዳይ ያዋለ ሰው «አደራ በላ» ተብሎ በአገር ሁሉ ይነቀፋል። በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ልዩ አደራ፣ ይኸውም ስለ መሬት አደራ፣ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። ዘመኑንም የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ የጅቡቲ ወደብ ለከተማይቱ የእንጀራዋ ምንጭ፣ ለኢትዮጵያም ዋና የባሕር በር ነው። በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ከተከፈተ ወዲህ ብዙው የጭነት ሥራ ወደዚያ ስለ ተዛወረ፣ በከተማይቱ ዳርቻ ባሕሩን ይዞ የሚገኘው የቀድሞው ወደብ የንግድ ማዕከል እንዲሆን ታቅዷል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ዘመን ነዳጅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ሲራገፍበት በኖረ ቦታ ላይ ቤት ከመሠራቱ በፊት፣ አፈሩ ምን እንደ ያዘ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በ2002 ከብሪታንያ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ሊያልፍ የነበረ የእንጨት መጠበቂያ መድኃኒት፣ በዚሁ ወደብ ውስጥ ከፕላስቲክ በርሜሎቹ እያፈተለከ መሬቱን በከለ። በውስጡ መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ የሚገኙበት ይህ መድኃኒት፣ የእንጨት ምሰሶ በምስጥ እንዳይበላና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ነው። እንጨቱን የሚጠብቀው መድኃኒት ግን ለሰው መርዝ ነው። አርሴኒክ ለብዙ ጊዜ በውሃ ወይም በምግብ ወደ ሰውነት ሲገባ ካንሰርን ያመጣል። እነዚህ ማዕድናት እንደ ቤት ጥራጊ በስብሰው ስለማይጠፉ፣ ተጠርገው ካልተነሡ ወይም በደንብ ካልታሸጉ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያሉ።

እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ጊዜ የሚነሣው ከባድ ጥያቄ የጽዳቱን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ነው። አምራቹ በአጓጓዡ፣ አጓጓዡ በተቀባዩ ሲያመካኝ፣ መርዙ ክርክሩን ሳይጠብቅ ወደ ታች ይሰርጋል። ባለ ዕዳው ከከሰረ ደግሞ ወጪው በሕዝብ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ችግር በአሜሪካ የተገኘው መፍትሔ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ታላቅ የመኪና ኩባንያ በ2009 ከከሰረ በኋላ፣ የተዘጉት ፋብሪካዎቹና ሌሎች ቦታዎቹ ያለ ባለቤት እንዳይቀሩ በ2011 በፍርድ ቤት ውሳኔ አንድ የአደራ ተቋም ተመሠረተ። «ሬሰር» በሚል አጭር ስም የሚጠራው ይህ ተቋም በ14 ክፍላተ ሀገር የሚገኙ 89 ቦታዎችን፣ ለማጽጃም 500 ሚሊዮን ያህል ዶላር ተረከበ። ባለአደራው መሬቱን ያስመረምራል፣ የተበከለውን ያስነሣል ወይም ያሳሽጋል፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያስጠብቃል፤ ከዚያም ቦታው እንደገና ሥራ የሚያስገኝ እንዲሆን ለገዢ ይሸጣል። ለጽዳት የተለየው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል መደረጉ የሥርዓቱ ዋና ቁም ነገር ነው። እርግጥ ነው፣ ጉዳቱ በመጀመሪያ በትክክል ካልተገመተ ገንዘቡ ሥራው ሳያልቅ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው መቅደም አለበት።

የጅቡቲ ወደብና የኩባንያው ፋብሪካዎች ታሪክ አንድ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። የቀድሞው ወደብ ሲታደስ ከመሬቱ ኪራይ ወይም ሽያጭ ከፊሉ አስቀድሞ ለጽዳት ተለይቶ፣ ከነጋዴውም ከሹሙም ነጻ በሆነ ባለአደራ እጅ ቢቀመጥና ሒሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ የሚጠቀመው የከተማይቱ ነዋሪ ነው። ሕንፃው ከቆመ በኋላ አፈሩን ልመርምር ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

የቤተሰብ ኃላፊዎችም በበኩላቸው የሚጠብቁት አደራ አላቸው። የኬሚካል በርሜል ምንም ያህል ቢታጠብ የመጠጥ ውሃም ሆነ እህል ሊቀመጥበት አይገባም። በእንዲህ ያለ መድኃኒት የተነከረ የምሰሶ ስባሪም ለማገዶ መዋል የለበትም፤ ጭሱና አመዱ አርሴኒክ አለበትና። ሕፃናት በተበከለ አፈር ላይ እንዳይጫወቱ መከልከል፣ ከውጭ ሲገቡም እጃቸውን ማስታጠብ ያሻል።

መሬት ከአባቶች የተቀበልነው፣ ለልጆች የምናስረክበው አደራ ነው። ስናስረክብም ንጹሕ አድርገን መሆን እንዳለበት አጥብቀን እናሳስባለን።