የዘፋኝ መድረክ በማን ፈቃድ ይቆማል?

ሮም፣ ጣሊያን - እዚህ ሮም ከተማ ውስጥ ካዚኖ ያለው ሆቴል የለም። በመላው ጣሊያን ሕጋዊ ካዚኖ የሚገኘው በቬኒስ፣ በሳንሬሞ፣ በሴን ቬንሳንና በካምፒዮኔ ብቻ ነው። (በየቡና ቤቱ ጥግ ተተክለው የስደተኛውን ደመወዝ የሚውጡት የቁማር ማሽኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው።) የሮም ስም ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ላስ ቬጋስ በረሃ ላይ ገንዘብ ያፍሳል። "ሲዛርስ ፓላስ" የተባለው ሆቴል አራት ሺህ ያህል ሰው የሚይዘውን አዳራሹን "ኮሎሲየም" ብሎታል። ሴሊን ዲዮን እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከ700 ጊዜ በላይ ዘፍናለች። አዴል ደግሞ ከኅዳር 2022 እስከ ኅዳር 2024 ድረስ መቶ ምሽት ሞልታዋለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዘፋኙ ሻንጣ ተሸክሞ ከአገር አገር አይዞርም፤ ሰው ነው በአውሮፕላን ወደ እሱ የሚመጣው። ሆቴሉም ከትኬቱ ሌላ ከመኝታው፣ ከእራቱና ከቁማሩ ጠረጴዛ ያተርፋል።

ውድ አንባቢያን፣ ቁማሩን ትተን መድረኩን ካየን ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አይቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ለዓመታት በቋሚነት ተጫውተዋል። በተለይ ዋልያሶች የራሳቸውን የሙዚቃ መሣሪያ ገዝተው የተነሱ ነበሩና ባለቤቱ በተቆጣ ቁጥር ባዶ እጃቸውን የሚወጡ አልነበሩም። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ምን ሆነ? ጭፈራው አልቆመም። ሂልተን የገባ ሰው በሌሊት መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። አገሪቱ በፍርሃት በተዘጋችበት ዘመን ሙዚቃው የተረፈው በሆቴል ግድግዳ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ግን ባንዱን አገር ውስጥ አላስቀረውም። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። የሂልተኑ ኦርጋን ተጫዋች ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀድሞ ሥራው እንደገና ታትሞ የውጭው ዓለም እስኪያገኘው ድረስ ስንቶቻችን አጠገባችን መኖሩን እናውቅ ነበር?

ደርግ ወደቀ፤ የመድረኩ ጉዳይ ግን አልተፈታም። ቴዲ አፍሮ "ኢትዮጵያ" የተሰኘውን አልበሙን ያወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። እሑድ ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2017) የምረቃ ዝግጅቱ ሂልተን ሊካሄድ ሲል ግን ፖሊስ አስቆመው። ምክንያቱ "ፈቃድ የለም" የሚል ነበር። ልብ እንበል፤ ለአሥር ወር የቆየው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነሐሴ ወር ከመግባቱ በፊት ተነስቷል ተብሎ ነበር። በደርግ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፈንበት የነበረው ሆቴል ያለ ሰዓት እላፊ የእራት ግብዣ ማስተናገድ አቃተው! ያው ድምፃዊ አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርት አቀረበ። በመካከሉ የተለወጠ ሕግ አልነበረም። በእኛ ግምት የተለወጠው የፈቃጁ ስሜትና የፈቃጁ ፍርሃት ነው።

የዚህን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ስደተኞችም ጭምር ነን። አገር ቤት መድረክ ሲጠብበው ዘፋኙ በቪዛ ወረፋ ተሰልፎ ከፍራንክፈርት ሮም፣ ከሮም ስቶክሆልም ይንከራተታል። እኛም በኪራይ አዳራሽ ተጨናንቀን እንጠብቀዋለን። በራሪ ወረቀቱ "ከምሽቱ 4 ሰዓት" ይላል፤ ዘፋኙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብቅ ይላል፤ እኛም "ደግሞ መጣልን" ብለን እልል እንላለን። ናፍቆት ስላለብን ይቅር እንለዋለን እንጂ ይህ የሙዚቃ ሥራ አይባልም። ሮም የሚመጣ ድምፃዊ ሁሉ ተገዶ ይመጣል እያልን አይደለም፤ ወዶ የሚመጣም ሞልቷል። ወዶ መምጣቱ የሚታወቀው ግን አገሩ ላይ ሳይከለከል መቅረት ሲችል ነው።

አዴል መቶ ምሽት የዘፈነችው ድምጿ ስላማረ ብቻ አይደለም። ሆቴሉ ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ትኬቱን ሸጦ በዚያ ቀን በሩ እንደሚከፈት ስለሚያውቅ ነው። የዚያን እሑድ ሂልተንን ያየ የአዲስ አበባ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ከአንድ ዘፋኝ ጋር የመቶ ምሽት ውል ይፈርማል ወይ? ሃያውንስ?