ለእንቢተኛ ልጅ መድኃኒቱ ከወዴት ይገኛል?

ሕፃን ሆኖ እንቢ ያላለ፥ ሲታዘዝ ያላጕረመረመ፥ የታላላቆቹን ትዕግሥት ያልተፈታተነ ልጅ አይገኝም። በ2 እና በ3 ዓመት ዕድሜ «እኔ ራሴ» ማለት የማደግ ምልክት ነው፤ በአፍላ ጕርምስናም ከአባት ቃል ጋር መከራከር የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ተቈጥቶ በር እያላተመ የወጣውን ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ ማለት አይገባም። ነገር ግን እናትን በየቀኑ የሚያስለቅስ፥ አባትን ከቤቱ የሚያርቅ፥ ልጁንም ከትምህርት ገበታ የሚያስነሣ ሌላ ዓይነት እንቢተኝነት አለ። በዚህ ወር የምንመለከተው ይህን ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች ርዳታን ከማንና እንዴት አድርገው ሊፈልጉ እንደሚገባቸው ለማመልከት ነው።

የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው በአሜሪካ የሕመሞች መምሪያ ያገቡት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፥ ካላመለከትን በቀር፥ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ2013 የወጣው መምሪያ 8 ምልክቶችን ይቈጥራል። እነርሱም ቶሎ ቶሎ መናደድ፥ በጥቂቱ መከፋት፥ ቍጣና ቅያሜ ይዞ መዋል፥ ከታላላቆች ጋር መከራከር፥ ትእዛዝን አውቆ መጣስ፥ ሰውን ሆን ብሎ ማስቈጣት፥ የራስን ጥፋት በሌላው ማላከክና ለመበቀል መፈለግ ናቸው። ከነዚህ ቢያንስ 4ቱ ለ6 ወር ያህል እየተደጋገሙ የታዩበት፥ ጠቡም ከወንድምና ከእኅት ጋር ብቻ ያልሆነ ልጅ በዐዋቂ ሰው ሊመረመር ይገባዋል።

መርማሪውም ገና ከጅምሩ «ይህ ልጅ እንቢተኛ ነው» ብሎ አይፈርድም፤ አስቀድሞ ሌላውን ሁሉ ያጣራል። ጆሮው በደንብ ይሰማልን? እንቅልፍ ይጠግባልን? ቀልቡ አንድ ቦታ አልረጋ እያለ ያስቸግረዋልን? የሞተበት ወይም የተለየው ሰው አለን? በስውር የሚጐዳውስ ሰው ይኖር ይሆን? በመምህርነት ሥራዬ እንደማየው፥ ንባብ የከበደው ልጅ «አልችልም» ከማለት «አላነብም» ማለትን ይመርጣል፤ እንቢተኛ መባል ሰነፍ ከመባል ያነሰ ውርደት መስሎ ይታየዋልና። እንዲህ ላለው ልጅ የጠባይ ተግሣጽ ሳይሆን የፊደልና የንባብ ርዳታ ያስፈልገዋል።

ምክንያቱ ከነዚህ ውስጥ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም ተገኝቶ ታክሞም እንቢተኝነቱ የቀረ እንደ ሆነ፥ ነገሩን ከቤት ውስጥ መመልከት ይገባል። በአሜሪካ በኦሬጎን ክፍለ ግዛት ጄራልድ ፓተርሰን የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በየሰዉ ቤት እየገባ፥ ወላጅና ልጅ ሲነጋገሩ ቁጭ ብሎ እያየ ይመዘግብ ነበር። ያገኘውንም በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ነገሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ «ልብስህን አንሣ» ትላለች፤ ልጁ ያለቅሳል። ደግማ ታዛለች፤ እርሱም ይጮኻል። እናቲቱ ጩኸቱ ሲሰለቻት ልብሱን ራስዋ ታነሣዋለች፤ ጸጥታም ይሆናል። በዚያች ሰዓት ልጁ መጮኽ እንደሚጠቅም ተማረ። በሌላ ቀን ደግሞ እናቲቱ ትዕግሥትዋ አልቆ ትመታዋለች፤ ልጁም ፈርቶ ይታዘዛል። በዚያች ሰዓት ደግሞ እናቲቱ መምታት እንደሚጠቅም ተማረች። እንዲህ እያለ አንዱ ለሌላው መምህር ሆኖ፥ የልጁ ጩኸትና የእናቲቱ ምት ከቀን ወደ ቀን ይበረታል። ይህን ስንል ወላጅን ለመውቀስ አይደለም፤ ከመወለዱ ጀምሮ ቍጡና አስቸጋሪ የሆነ ልጅ አለና፥ እንዲህ ያለው ልጅ ትዕግሥተኛውን ወላጅ ሳይቀር ወደዚህ ወጥመድ ይጐትተዋል።

እንግዲህ ብዙ ወላጆች የማይጠብቁት ነገር ከዚህ ላይ ይመጣል። አባት ልጁን ወደ ሐኪም ሲወስድ፥ ሐኪሙ ልጁን ተቀብሎ አስተካክሎ የሚመልስለት ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በተለይ ለትንንሽ ልጆች እስከ ዛሬ ከተፈተኑት ሕክምናዎች ሁሉ ይልቅ ውጤቱ የተመሰከረለት ወላጆች ራሳቸው ተቀምጠው የሚማሩት ትምህርት ነው። ኮንስታንስ ሐንፍ የተባለች ሴት በኦሬጎን በፖርትላንድ ከተማ በ1960ዎቹ የጀመረችውን ሥራ ተከትላ ሺላ አይበርግ በ1970ዎቹ ያቋቋመችው ሕክምና ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሕክምና ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር በአንድ ክፍል ይጫወታሉ፤ አሠልጣኙ በመስተዋት ማዶ ሆኖ እያየ፥ በጆሮ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ምን እንደሚሉ ይመክራቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል ወላጅ ማዘዝን ትቶ የልጁን ጨዋታ መከተልንና መልካሙን ሥራ በስሙ ጠርቶ ማመስገንን ይማራል። በሁለተኛው ክፍል አጭርና ግልጽ ትእዛዝ አንድ ጊዜ መስጠትን፥ ልጁም እንቢ ሲል ያለ ቍጣና ያለ ምት አስቀድሞ የተነገረውን ቅጣት መፈጸምን ይለማመዳል። ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው ትምህርት ጋር፥ ንዴትን የሚያበርዱበትና ችግርን በንግግር የሚፈቱበት ዘዴ ለራሳቸው ይሰጣቸዋል።

«እኛ ያደግነው በአርጩሜ ነው» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ፥ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወዲያው ቃሉን ወደ አባቶች መልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያሳስባል። በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋሞች በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ስለዚህ ልጁን ይዞ መጥቶ «መምህር ሆይ፥ ቅጣልኝ» የሚል አባት፥ መምህሩን ሕግ አፍርስ ማለቱ እንደ ሆነ ይወቀው።

ሐኪም ወይም አማካሪ ስትፈልጉ እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወላጆችን ታስተምራለህን፥ ወይስ ልጁን ብቻ ለይተህ ታነጋግራለህ? ስንት ሳምንት ይወስዳል፥ መሻሻሉንስ በምን እንለካዋለን? ከመምህሩ ጋር ትነጋገራለህን? መድኃኒት የምታዝ እንደ ሆነ፥ ለየትኛው ሕመም ነው? ቀልብን ለሚያሳጣው ሕመም የሚረዳ መድኃኒት አለ፤ ለእንቢተኝነቱ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ክኒን ግን የለም። በጥቂት ቀን ፍጹም አድናለሁ ከሚል፥ ልጅን በማስፈራራትና በማዋረድ እገራለሁ ከሚልም ሰው ራቁ። አስቸጋሪ ጐረምሶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ማኖርም አንዱ የሌላውን ጥፋት እንዲማር ሊያደርግ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ አስተርጓሚ አይሁን። በገዛ ነገሩ ላይ ዳኛ ይሆናልና።

በአገራችን የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞች ቍጥር ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ በር ሁሉ የተዘጋ አይደለም። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎችም ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ይገኛሉ። ከከተማ ርቆ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጠይቆ ወዴት እንደሚላክ ይረዳ። ከዚህም ሌላ የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከደቡብ አፍሪካና ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ጋር ሆነው ለወላጆች የሚሆን ትምህርት አዘጋጅተዋል። ይህም ትምህርት ገንዘብና ሐኪም በሚያንስበት አገር ሥልጠና በወሰዱ የመንደር ሰዎች እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ይህን የሰማ የሰንበት ትምህርት ቤትና የዕድር መሪ ሁሉ ከጤና ባለሙያዎች ጋር ቢመክርበት መልካም ነው።

ልጁን ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆችም አሉ። ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ምክር ጋር አይጣሉም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ነገር ግን ልጁ እየሰማ «ክፉ መንፈስ አለበት» እያላችሁ ለጎረቤት አትናገሩ፤ ልጅ ስለ ራሱ የሰማውን ስም ይዞ ያድጋልና።

እስከዚያው ድረስ ወላጅ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አለ። በየቀኑ 5 ደቂቃ ያህል ከልጁ ጋር ተቀመጡ፤ እርሱ በመረጠው ጨዋታ ተጫወቱ፤ በዚያች ሰዓት አትዘዙት፥ አትውቀሱት። ከጥፋቱ ይልቅ መልካሙን ፈልጋችሁ «ታናሽህን ስለ ጠበቅኸው ደስ አለኝ» በሉት። የምታዙት ጥቂት ይሁን፤ ያዘዛችሁትን ግን አትተዉት። አባትና እናት፥ አያትም በቤት ካሉ፥ በአንድ ቃል ይናገሩ፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው በስውር ቢፈቅድ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል፤ ይህ የለመደው መንገድ ስለ ተዘጋበት ነውና ተስፋ አትቍረጡ።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላል የአገራችን ተረት። እንቢተኛው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቤትም በትምህርት ቤትም ስሙ በመልካም የማይነሣ፥ ማንም እንደማይወደው የሚያምን ልጅ ነው። ርዳታ ሳያገኝ ካደገ ጠቡ ከቤት አልፎ ከጎረቤትና ከሕግ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ኀዘንና ጭንቀትም ሊጫነው ይችላል። በጊዜው ከተረዳ ግን ብዙው ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ «ልጁን ከማየቴ በፊት ከእናንተ ጋር ልነጋገር» ቢላችሁ አትከፉ። የምትፈልጉትን ሰው ያገኛችሁት ያን ጊዜ ነው።