ለሞተረኛ መንገደኛ የሚሆን ወንበር

«በሞተር ብስክሌት ወደ ደብረ ብርሃን ለሁለት ቀን ልሄድ አስቤአለሁ፤ ተጣጥፎ የሚያዝ ወንበር ልግዛ ብል ዓይነቱ በዛብኝ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?» ሲሉ አንድ የቦሌ አንባቢያችን ጠይቀውናል።

ጥያቄው ለአንዳንዱ ሰው የቅንጦት ሊመስለው ይችል ይሆናል። ሰው ለመንገድ ሲነሣ ስንቁንና መኝታውን ያስባል፤ መቀመጫውን ግን ይረሳል። ከመገናኛ ተነሥቶ በሲኤምሲ፥ በአያት፥ በለገጣፎ፥ በሰንዳፋና በሸኖ አድርጎ ደብረ ብርሃን እስኪገባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ ተደላድሎ ተቀምጦ ይጨርሰዋል፤ ሞተረኛው ግን ጉልበቱን አጥፎ፥ ክንዱን ዘርግቶ፥ ንፋሱን በደረቱ እየገፋ ነው የሚሄደው። መንገድ ዳር ቆሞ እዚያው ሞተሩ ላይ ጎኑን ቢያስደግፍ ዕረፍት አይባልም። ጀርባው ያላረፈ ሰው ዓይኑ ይፈዛል፤ እጁም ወደ ፍሬኑ ለመሄድ ይዘገያል። ከሸኖ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ድንገት ከፊቱ ዘው የሚል በግ ወይም አህያ ደግሞ ይህን መዘግየት አይምርም። ስለዚህ ወንበሩን ከመብራቱና ከጎማው እኩል እንደሚያስፈልግ ዕቃ አድርገን እንቁጠረው።

ዛሬ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ሄሊኖክስ የተባለው የኮሪያ ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ቼር ዋን» የሚባለው ወንበር ነው። አጥንቱ የድንኳን ምሰሶ ከሚሠራበት ቀላል የአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ ነው፤ በቱቦው ውስጥ ላስቲክ ገመድ ስላለበት ከከረጢቱ ሲያወጡት እየተሳሳበ ራሱን በራሱ ይገጣጥማል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን በአራቱ ጫፎች ላይ ማጥለቅ ብቻ ነው። ክብደቱ ከ1 ኪሎ ግራም ያነሰ ሲሆን እስከ 145 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ይሸከማል፤ ሲታጠፍም ርዝመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አስመስለው የሚሠሩት ፋብሪካዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካለዎት በሻንጣው ጥግ ወሽቆ ቦሌ ሊያደርስልዎ ይችላል።

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር እንዲያስቡ እለምንዎታለሁ። አንደኛው ወንበሩ የሚያርፍበት መሬት ነው፤ ሁለተኛው ከወንበሩ የሚነሣው ጉልበትዎ ነው።

በቦሌ፥ በሲኤምሲ ወይም በአያት ቤት ላሠራ ሰው ስለ ጥቁሩ አፈር መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስንቱን ግንብ የሰነጠቀው ይኸው ማበጥና መኮማተር ነው። ገበሬው መረሬ ይለዋል። ከተማውን ለቀው ሲወጡም አይለይዎትም፤ በሰንዳፋ በኩል የጤፍና የስንዴ ማሳ ሆኖ ይከተልዎታል። ሞተረኛ ደግሞ ለመውጣት የሚናፍቀው ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው ነው፤ ያን ጊዜ የመሬቱ ላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ጭቃ ነው።

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የቀላሉ ወንበር እግር ጫፍ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የአራቱ እግሮች ስፋት ተደምሮ 12 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር አፈር ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ ይሸከማል ማለት ነው። መረሬ በመስከረም ይህን አይችልም። በዚያ ላይ አራቱ እግሮች እኩል አይሰጥሙም፤ ጀርባ የሚደገፍባቸው የኋላዎቹ ቀድመው ይወርዳሉ፤ ተቀማጩም ቡናውን እንደ ያዘ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ሻጩ ወንበሩን የሚያሳይዎ በሴራሚክ ወለል ላይ ስለሆነ ይህን ጠባዩን በሱቅ ውስጥ አያዩትም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠሩትን ባለሙያዎች ይፈልጉና ወርዳቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ክብ ቁራጭ ያስቆርጡ፤ በእያንዳንዱ መካከል የወንበሩ እግር ጫፍ ጠበቅ ብሎ የሚገባበት፥ ወደ ታች ግን የማያሳልፍ ጉድጓድ ያስወጡ። እንዲህ በረባሶ የተጫማ ወንበር በካሬ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ክብደት ነው የሚያሳርፈው። አራቱ ቁራጮች ተደራርበው ከከረጢቱ ውስጥ ይገባሉ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ጫማ ከውጭ አገርም ይገኛል፤ ግን የእኛው ጎማ ምን ጎደለው?

ወደ ጉልበቱ እንምጣ። በቤታችን ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መቀመጫው ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከላይ የጠቀስነው ዓይነት ቀላል ወንበር ግን 35 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ያውም ጨርቁ ስለሚረግብ ወገብዎ ከጉልበትዎ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለመቀመጥ የሚጥም ወንበር ለመነሣት ያስቸግራል። ይህ በአውሮፓ ሜዳ ላይ ለብቻው ለሚያርፍ ሰው ብዙም ላያሳስበው ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሰንዳፋ ወጣ ብለው ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበርዎን ዘርግተው ሳለ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። እርስዎም «ኖር!» ብለው ብድግ ሊሉ ይገባል። ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው እየተንፈራገጡ፥ አንድ እጅዎን መሬት ላይ አስደግፈው ቢነሡ ሽማግሌው «በእግዜር» ማለታቸው አይቀርም፤ ነገር ግን በልባቸው ያዝኑልዎታል። ከዚያም ወንበሩን ለእርሳቸው መልቀቅዎ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከዚያ ከረገበ ጨርቅ ውስጥ ገብተው እንዴት ይወጣሉ? ወንበር ሲመርጡ የእርስዎን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የእርሳቸውንም አብረው ይመርጣሉ።

ስለዚህ በሱቁ ውስጥ እንዲህ ይፈትኑት፤ ሁለት እጅዎን በደረትዎ ላይ አጣምረው ይቀመጡ፥ ጥቂት ይቆዩ፥ ከዚያ እጅዎን ሳይፈቱ ይነሡ። በመጀመሪያው ሙከራ ከተነሡ ወንበሩ ይሆንዎታል። ሁለት ጊዜ ከተወዛወዙ፥ ከሁለት ሰዓት የሞተር ጉዞ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ይገምቱ።

እዚህ ላይ ስለ ክብደት አንድ ነገር ልበል። ለወንበር 1 ኪሎ ግራም ሆነ ግማሽ እያሉ የሚከራከሩት ዕቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ ክርክራቸውም የሚገባ ነው። የእርስዎን ወንበር ግን የሚሸከመው ሞተሩ እንጂ ትከሻዎ አይደለም። ለሞተረኛ ከክብደቱ ይልቅ ርዝመቱ ነው የሚያስጨንቀው፤ ሲታጠፍ ከመሪው ስፋት አልፎ የሚወጣ ዕቃ በመገናኛ ግርግር ውስጥ የሰው መስተዋት ይገጫል።

ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። ጆሴፍ ፌንቢ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1877 እ.ኤ.አ. ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ተጣጣፊ ወንበር የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ጣሊያኖች በኋላ «ትሪፖሊና» እያሉ የሠሩት ይህንኑ ነው። ይልቁን ለእኛ የሚጠቅመው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሕንድ አገር የነበሩ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የተገለገሉበት፥ በሩርኪ ከተማ ስም የሚጠራው ወንበር ነው። ምስማርም ማጣበቂያም የለውም። አግዳሚዎቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ብሎ በእግሮቹ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካሉ፤ አጥብቆ የሚይዛቸውም የሸራው ውጥረትና የተቀማጩ ክብደት ነው። መጋጠሚያዎቹ ጥቂት ስለሚላወሱ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እያንዳንዱ እግር የየራሱን ቦታ ፈልጎ ያርፋል፤ ስለዚህ አይወዛወዝም። የዴንማርኩ የቤት ዕቃ ሊቅ ኮሬ ክሊንት በ1933 እ.ኤ.አ. የሠራው የታወቀ ወንበር ከዚሁ የተቀዳ ነው። በአሜሪካ ደግሞ «ከርሚት» የሚሉት ከጠንካራ እንጨት የሚሠራ ወንበር በሞተረኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆኗል። ክብደቱ 2 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ከቀላሉ ወንበር ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሞተረኞቹ ግን የእጅ መደገፊያ ስላለው፥ ተደግፈውም ስለሚነሡ ክብደቱን ከቁም ነገር አይጥፉትም።

ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው ለሚሉ አንባቢያን ደግሞ የእኛው በርጩማ አለልዎ። የጅማው በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር የሚቆም መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሦስት እግር ያለው ነገር በማናቸውም ወጣ ገባ መሬት ላይ ሦስቱንም እግሮች ያሳርፋል፤ መወዛወዝ የአራት እግር በሽታ ነው። በሞተር ላይ ያን ከባድ ግንድ መጫን አይቻልም፤ ጠባዩን ግን መውረስ ይቻላል። ርዝመታቸው 60፥ ውፍረታቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨቶች ያዘጋጁ። ከመካከላቸው በስተላይ ይብሱና ሁለቱን በአንድ ረጅም ብሎን ያያይዙ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ቀለበት ባለው ሁለተኛ ብሎን ከፊተኛው ጋር ያቆላልፉ። ቆዳ ሰፊ ዘንድ ሄደው ሦስት ማዕዘን ቆዳ፥ በየማዕዘኑ እንጨቱ የሚገባበት ኪስ ተደርጎለት ያሰፉ። ሲዘረጋ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኖረዋል፤ ሲታጠፍ ሦስት ዱላ ነው። ጉድለቱን አልደብቅም፤ ጀርባ የለውም፥ ወደ ጎን አብዝቶ የሚያዘነብል ሰውንም ይጥላል። ነገር ግን ከእርሱ ላይ ብድግ ለማለት ቅጽበት አይፈጅም፤ ለሽማግሌም ያለ ስጋት ይለቀቃል።

እንግዲህ ለጠያቂያችን የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ወጣት ከሆኑና ጉልበትዎ ደህና ከሆነ፥ ቀላሉን ወንበር ከነጎማ ጫማው ይያዙ፤ ከጎኑም ያንን ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ይጨምሩ፤ አንዱ ለእርስዎ፥ ሁለተኛው ለሚመጣው ሰው ይሆናል። ዕድሜዎ ገፋ ያለ ወይም ወገብዎን የሚያምዎ ከሆነ ግን ከፍ ያለውንና የእጅ መደገፊያ ያለውን ይምረጡ፤ ኪሎው አያሳስብዎት። ጉዞዎ በየከተማው እያረፉ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምንም አይግዙ፤ ጀበና ከተጣደበት ሁሉ በርጩማ አይጠፋም፥ ዋጋውም ከቡናው ጋር ይታሰባል።

ሲጭኑት ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ አግድመው፥ በተቻለ መጠን ወደ መቀመጫው አስጠግተው ይሰሩት፤ ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር የፊት ጎማውን እያቀለለ መሪውን ያሳስትብዎታል። ከማርሚታው ይራቅ፤ ናይለን ጨርቅ በአንድ ዳገት ውስጥ ቀልጦ ሊጣበቅበት ይችላል። የማሰሪያውን ትርፍ ጫፍ ሳይቋጥሩ አይንቀሳቀሱ፤ ተንጠልጥሎ ካቴናው ውስጥ የገባ ጠፍር የኋላውን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል። የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. አንሥቶ በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ መጣሉን ያስታውሳሉ፤ የፈቃድ ወረቀትዎን በደረት ኪስዎ ይያዙ እንጂ ከወንበሩ ሥር ከታሰረው ሻንጣ ውስጥ አይቅበሩት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። ስስ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ ሰው ብርዱ ከታች ነው የሚገባበት፤ ስለዚህ ጋቢዎን ከመደረብ ይልቅ አጥፈው ከሥርዎ ያንጥፉት። ሌላ ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ወርደው ከሐይቆቹ አፋፍ ላይ ቢያርፉ መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ የወንበሩ ጀርባ ወደ ዳገቱ፥ ፊትዎ ወደ ውሃው ይሁን፤ ተገላቢጦሽ የተቀመጠ ሰው በጀርባው ይወድቃል።

ሲመለሱ ወንበሩን ከነጭቃው በከረጢቱ አስረው አያስቀምጡ። መረሬ በመጋጠሚያው ውስጥ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ስለሚሆን በሚቀጥለው ጉዞ ቱቦዎቹ እርስ በርስ አልገባ ይላሉ። ያጥቡት፥ ከጥላ ሥር ያድርቁት፤ በእኛ ከፍታ ያለው ፀሐይ ናይለኑን ቶሎ ያነትበዋልና ሰገነት ላይ አሰጥተው አይርሱት። ቀድሞ የሚቀደደው ቱቦው የሚገባበት የጨርቁ ማዕዘን ስለሆነ፥ ገና አዲስ ሳለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው አራቱንም ማዕዘን በቆዳ ያስደርቡት።